መርፌ ተወግታ የምትሮጠው ሙሉሽ

ያን ጊዜ የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሃል ነበር፤ ሳር የበቀለበት ሰፊ ሜዳ። አውሮፕላን ሲመጣ ከብቱም ሰዉም ተባሮ ይወጣል፤ ሲሄድ ሁሉም ተመልሶ ይገባል። ሙሉሽ ጎህ ሲቀድ የምትሮጠው እዚያ ሳር ላይ ነበር። ቀጭን የአሪ ልጅ ናት፤ እግሯ ረጅም፣ ምላሷም አጭር አይደለም።

የስኳር በሽታው የያዛት ስምንተኛ ክፍል እያለች ነው። ውሃ በጀሪካን ብትጠጣ ጥሟ አልረካ አላት፤ ሰውነቷ አለቀ፤ በመጨረሻ ራሷን ስታ ሐኪም ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። ቤታቸው ፍሪጅ የለም፤ መድኃኒቱ እርጥብ አሸዋ ባለበት ገንቦ ውስጥ ጓዳ ይቀመጣል። እናቷ ጤናዬ ገንቦውን ባየች ቁጥር ትናደዳለች።

«የታመመ ሰው ይተኛል። አንቺ የምትሮጪው ሞት እንዳይቀድምሽ ነው?»

«አዎ እማ፤ እስካሁን አልቀደመኝም።»

ምን ታድርግ፣ ከሩጫ ሌላ ምንም አልቀራትም። ትምህርቱን በህመም አቋርጣዋለች፤ ሊያጯት የመጡትም «ስኳር አለባት» ሲባሉ በመጡበት ተመለሱ። የዞኑ ቡድን ገብታ አርባ ምንጭ ሄዳ መወዳደር፣ ልቧ ላይ ያለው ያ ብቻ ነበር።

ቡድኑን የያዘው ደግሞ አሰልጣኝ ጉታ ነው። ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ፈገግታ የሚከብደው ሰው። ሯጭ በባዶ ሆዱ ይሮጣል ባይ ነው። ሙሉሽ ስኳሯ ድንገት ሲወርድባት የምትበላውን ከረሜላ ኪሷ ውስጥ ካገኘ ልጆቹ ፊት አውጥቶ ይበትነዋል።

አንድ ቅዳሜ ሕዝብ እንዲያያቸው ብሎ በገበያ ቀን የሐመሮች ከተማ ወደ ሆነችው ዲመካ ወሰዳቸው። ሙሉሽ መንገድ ላይ ቀይ አፈር ከተማ ቁርስ እንበላለን ብላ መርፌዋን እንደወትሮው ሙሉውን ተወግታ ተሳፈረች። ሚኒባሱ ቀይ አፈር ሳይቆም አለፈ።

«ከሮጣችሁ በኋላ ትበላላችሁ» አለ ጉታ። ከረሜላዋን ስትሳፈር ቀምቷታል።

ዲመካ እንደ ጂንካ አይደለም፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሩጫው ሊያልቅ ሲል ሙሉሽን ቀዝቃዛ ላብ አጠመቃት፣ እግሯ ተጠላለፈ፣ መንገዱን ትታ እንደ ዕውር ገበያው ውስጥ ገባች። አንዲት የሐመር ሴት ማር በቅል ይዛ ተቀምጣለች። ሙሉሽ እጇን እስከ አንጓዋ ነከረችና ላሰች። ሴትዮዋ ጮኸች፤ በዱላ ጀርባዋን አለቻት። ሙሉሽ ዱላው እየወረደባት ደግማ ነከረች።

ዲመካ በገበያ ቀን የማሽላ ጠላ የማይጠጣ ጥቂት ነው፤ ስትወላገድ ያየ ሁሉ ያሰበው አንድ ነገር ነው።

«ሰክራለች!» አለ ጉታ እየሮጠ መጥቶ። «የዞኑን ስም አሰደበችው!»

«ጋሼ፣ ስኳር እኮ አለባት» አለች ቤቲ፣ አብራት የምትሮጠው ልጅ።

«ስኳር ያለበት ሰው ማር ይበላል እንዴ? ታሾፊብኛለሽ?»

ክንዷን ይዞ ከቅሉ ሊያላቅቃት ሲጎትት እጁን ነከሰችው። ያ ማር ባይኖር ከዚያ ገበያ በእግሯ አትወጣም ነበር። ባለማሯ እንኳ የልጅቷ ዓይን ሲገለጥ አይታ ዱላዋን አወረደች። ጉታ ግን የተነከሰ እጁን እያሻሸ እስከ ጂንካ ሰደባት።

ሰኞ ዕለት ሐኪም ቤት ሲስተር ፈቲያም አልማረቻትም።

«መርፌውን ተወግተሽ ሳትበዪ ሮጥሽ? ራስሽን ልትገድዪ ነው? ሩጫው ራሱ ስኳርሽን ያወርደዋል፤ መርፌው ደግሞ ይጨምርበታል። የምትሮጪ ቀን ባሳየሁሽ ልክ ቀንሺ። ጭንሽን አትውጊ፣ ሲሮጡበት መድኃኒቱ ይፈጥናል፤ ሆድሽን ውጊ። በልተሽ ሩጪ። ካንቀጠቀጠሽ ቁሚና ጣፋጭ ብዪ፤ ማንም ቢጮህ ቁሚ! ጉታን አትፍሪ፣ እኔን ፍሪ።»

ሙሉሽ ፈቲያን ፈራች። ከዚያ በኋላ ጎደሬ በልታ ነው ሜዳ የምትወርደው፤ ከረሜላውንም ካልሲዋ ውስጥ ሸሸገች።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ሦስት ሴቶች ይወሰዳሉ ተባለ። ሙሉሽ እየመራች መጥታ የመጨረሻው ዙር ላይ ከንፈሯ ደነዘዘ፣ ጣቶቿ ተንቀጠቀጡ። ስኳሯ እየወረደ መሆኑን አወቀች። ቆመች። ከካልሲዋ ከረሜላ አውጥታ አኘከች።

«ሜዳው ምግብ ቤት ነው?» ጉታ ጮኸ። ሕዝቡ ሳቀ። ሁለት ልጆች አለፏት። እሷ መንቀጥቀጡ እስኪተዋት ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ከዚያ ሩጫዋን ቀጥላ ሦስተኛ ገባች።

ጉታ አንደኛዋን ጠራ፣ ሁለተኛዋን ጠራ፣ አራተኛዋን ጠራ።

«ሦስተኛዋ እኔ ነኝ» አለች ሙሉሽ።

«አቋርጠሻል።»

«አላቋረጥኩም። በላሁ።»

«በመርፌ የምትኖር ሯጭ ይዤ አልሄድም። መንገድ ላይ ብትሞች ማን ሊጠየቅ ነው?»

«ዲመካ ላይ ልትገድለኝ ስትል ማን ጠየቀህ?» አለችው። እስከዚያች ቀን አንተ ብላው አታውቅም።

ስሟ ሳይጠራ ቀረ።

በማግስቱ የተመረጡት ልምምድ ሲወጡ ሙሉሽ ሳሩ ላይ ቀድማቸው ቆማለች።

«ከሜዳዬ ውጪ!» አላት ጉታ።

«የማን ሜዳ? አውሮፕላን ሲመጣ አብረን እንወጣለን።»

ልጆቹ ተነሱ፤ እሷም ከኋላ ተነሳች። ግማሽ ሜዳ ሳይሄዱ አንዷን አለፈች፣ ሌላዋን አለፈች፣ መሪዋንም አለፈች። ጉታ አየና የሩጫ መለኪያ ሰዓቱን ኪሱ ከተተው፤ ጀርባውንም ሰጣት። እሷ ግን ዙሩን ጨርሳ ሌላ ጀመረች።