ደጅ ያደርንበት ሳምንት

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን፣ እኛ ሰፈር፣ አንድ ጎረቤቴ አዲስ መኪና ገዝቶ መጣ። አዲስ ስል ለእሱ አዲስ ማለቴ ነው፤ መኪናው እንኳ ብዙ አገር ያየ ነው። እንግዳ ወደ ጓሳ ተራሮች እያመላለሰ ሊሠራበት አስቦ ከኋላ ተደራራቢ አልጋ፣ ከጥግ ትንሽ ቡታጋዝ፣ ከጣሪያው ላይ የሚዘረጋ ድንኳን አስገጥሞለታል። ሰፈሩ ሁሉ ተራ በተራ እየገባ ሲመርቅለት የእኔም ተራ ደረሰና «እትዬ፣ እስቲ ይግቡና ይዩት» ብሎ በሩን ሲከፍትልኝ፣ ፀሐይ ያሞቀው የስፖንጅ ፍራሽ ሽታ ከቡታጋዝ ሽታ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። አንድ እግሬን ደረጃው ላይ እንዳደረግሁ ቀረሁ። «ከዚሁ ይታየኛል፣ በጣም ያምራል፣ የእንጀራ ያድርግልህ» አልኩና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ምስኪን፣ እንከን ያገኘሁበት ሳይመስለው አልቀረም።

ያ ሽታ የልጅነቴን ምርጥ ሳምንት ነው የሚያመጣብኝ። ሰው ደጉን ጊዜውን ሲያስታውስ ፈገግ ይላል፤ እኔ አፍራለሁ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሳምንት የተደሰትኩበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም፣ የሚቆጠቁጠኝም ይኸው ነው፤ አንዲት ሴት በገዛ ደጇ አንገቷን ደፍታ በሰነበተችበት ሳምንት እኔ እዚያው ደጇ ላይ ስፈነጥዝ ሰነበትኩ። የዐሥር ዓመት ልጅ ምን ታውቃለች ይባላል። ይባል እንጂ ነገሩ አይቀለኝም።

አባቴ የመንገድ ሥራ መካኒክ ስለነበር ዕድሜውን ያሳለፈው በካምፕ ካራቫን ውስጥ እያደረ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄ ኑሮ ያንገሸግሸው ነበር፤ እሱ ግን ቤት ማለት ጎማ ያለው ነገር ሆኖበት ቀረ። አንድ አሮጌ የጭነት መኪና በጨረታ ገዝቶ ግቢያችን ውስጥ አቆመና፣ ለእረፍት በመጣ ቁጥር እየቀጠቀጠ፣ በኮምፔንሳቶና በቆርቆሮ ጀርባው ላይ ቤት ሠራበት። አራት አልጋ፣ ተጣጥፎ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ጠረጴዛ፣ ባለመጋረጃ መስኮት። ለሳሎናችን በር መጋረጃ እየለመነች የኖረችው እናቴ፣ በቤቱ መጀመሪያ መጋረጃ ያገኘው መኪናው መሆኑን ላገኘችው ሁሉ ተናግራለች። የሚገርመው ሰውዬው አልከፋውም፣ እንደ ምስጋና ነው የቆጠረው።

መኪናው ያለቀ ዓመት፣ በጥር፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ «አገሬን ላሳያችሁ፤ አንድ ሳምንት ተራራ ለተራራ እየዞርን እንሰነብታለን» አለን፤ እናቴን፣ ታናሽ ወንድሜንና እኔን። አገሬ የሚለው ግሼ የሚባለውን አገር ነው፤ ራቤል ሳይደረስ ካለ አንድ የደጋ መንደር ነው የተወለደው። እዚያ የቀረችው ታላቅ እህቱ እትዬ ሙሉ ብቻ ነበረች። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ድክ ድክ የሚል ስለነበር አዝላም አብልታም ያሳደገችው እሷ ናት፤ ኋላ አግብታ፣ ሳትወልድ ባሏ ሞቶባት፣ በወላጆቻቸው ቤት ብቻዋን ትኖር ነበር። ወንድሟን ካየችው ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር፤ እኛን ልጆቹንማ ጭራሽ አይታን አታውቅም።

ሞላሌ ስንደርስ ልጆች እየጮሁ ተከተሉን። መሐል ሜዳ ላይ አባቴ ምንም የሚገዛው ነገር ሳይኖር ገበያው አጠገብ ቆመና ኮፈኑን ከፍቶ አንድ ጤነኛ ሞተር ሲመረምር ቆየ፤ ሰው እንዲያይለት ነው። አንድ ፖሊስ ቀረብ ብሎ ምን እንደጫነ ቢጠይቀው «ቤቴን» አለው፣ ኮስተር ብሎ። እኔና ወንድሜ በመስኮቱ መጋረጃ እየገለጥን እጃችንን እናውለበልባለን። ሹም የሆንን ነበር የመሰለን።

እትዬ ሙሉ ከቤቷ በታች ባለችው ትንሽ መስክ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ረጅም፣ ከሲታ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትከልል ሴት ነበረች። አባቴን አገላብጣ ስማ ስማ አልወጣላት ሲል ኮሌታውን ይዛ ቆመች። ከዚያ አስገብታ፣ የሁላችንንም እግር አጥባ፣ ያላትን አቅርባ፣ «በሞቴ» እያለች አበላችን፤ ቤቱ ጠባብ ነበር፣ በጎችም ከአንድ ወገን ያመሰኳሉ፤ ከግድግዳው ጋር በድንጋይና በጭቃ የተሠራው መደብ ግን አዲስ ተለስኖ፣ ተነጥፎ፣ እንደ ሙሽራ አልጋ ሆኖ ይጠብቃል። አባቴ ሕፃን ሆኖ ያደገበት መደብ ነበር። ሲመሻሽ እሱ ብድግ አለና «በሉ እንግዲህ እንተኛ፤ እኛ እዚያው መኪናችን ውስጥ ነን፣ እታለም፤ ሸክም አንሆንብሽም» አለ።

አሁን ሳስበው ክፋት አልነበረበትም። በዚያ ዓመት የጥቅምት ውርጭ ገብሷን መትቶባት እንደነበር ሰምቷል፤ አራት ሆነን ብንገባ እሷ መሬት እንደምትተኛም ያውቃል። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ያህል ዘመን የለፋበትን መኪና ሳያድርበት ሊቀር ነው እንዴ? አዝኖላት፣ ኮርቶም፣ ሁለቱን ቀላቅሎ ነው የተናገረው። እሷ የሰማችው ግን ሌላ ነው። በዚያ አገር መሽቶበት ከደጅ የተጣራ መንገደኛ እንኳ «ቤት የእግዜር ነው» ተብሎ ይገባል፤ ዘመድ ዘመዱ ደጅ ደርሶ ውጭ የሚያድረው ሲጣላ ነው፣ ወይም ሲጸየፍ። «እንዳልክ» ብላ ኩራዙን ይዛ እስከ መኪናው ሸኘችን። በማግስቱ እናቴ ልታስረዳት ብትሞክር «መብላቱንማ ደቦ የመጣም ይበላል የኔ እመቤት፤ ዘመድ የሚታወቀው ሲያድር ነው» አለቻት።

ታዲያ ያ ሳምንት። ማለዳ ስንነሳ መስኩ በውርጭ ነጥቶ፣ ሣሩ ከእግራችን ሥር እየተንኮሻኮሸ፣ ትንፋሻችን እየጨሰ፣ አባቴ ቡታጋዙ ላይ ሻይ ያፈላል፤ በትሩን ይዞ ይቀድማል፣ እኛ ኪሳችንን ቆሎ ሞልተን እንከተላለን። አንድ ቀን ገደሉ አፋፍ ድረስ ወሰደንና በሆዳችን አስተኝቶ ቁልቁል ቆላውን አሳየን፤ ጉም ከሥራችን ነበር፣ እኔ ከደመና በላይ ሆኜ ደመና ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሌላ ቀን ከጭላዳ መንጋ መሃል ገባን፤ ሣር እየነጩ ሲበሉ አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩንም፣ ወንድሜ ግን አንዱ አውራ ጥርሱን ስላሳየው ከዚያ በኋላ የእናቴን ቀሚስ አልለቀቀም። ወደ ጓሳው ስንወጣ ቀይ ቀበሮ አየን፤ ሣሩ ውስጥ ጸጥ ብሎ አይጥ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ዘሎ ስቶት፣ ያየው ሰው መኖሩን ለማረጋገጥ ይመስል ዞር ዞር ሲል ሳቃችን ገደለን። ጅብራ ከሚባለው ረጅም ተክል ጥላ ሥር ዳቦ ቆርሰን በላን። አባቴ በየኮረብታው እየቆመ «እዚህ ወድቄ ነበር፣ እዚያ ተገርፌ ነበር» ይለናል፤ ባሳየን ቁጥር የሚያነሳው የእሷን ስም ነው፤ ከወደቀበት ያነሳችው እሷ፣ ከገራፊው ያስጣለችው እሷ። ከእኛ ጋር እንድትመጣ ግን አንድም ቀን ሲጠይቃት አልሰማሁም፤ ሥራ አለባት ብሎ ይሆናል።

ማታ ማታ እግራችን ዝሎ ስንመለስ እትዬ ሙሉ ወተት በጮጮ ይዛ ትመጣለች። መኪናው ውስጥ አትገባም። አባቴ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ «ውጪና እዪው እንጂ፣ እታለም» ሲላት አንድ ቀን «እግሬ ጭቃ ነው» ትለዋለች፣ ሌላ ቀን «በጎቹን ላስገባ» ትለዋለች፤ በጥር ጭቃ የለም፣ በጎቹም ከገቡ ቆይተዋል። ከጎማው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ጎማውን በመዳፏ መታ መታ እያደረገች «ቤት እግር ካበቀለ ባለቤቱን ምን ያስቀምጠዋል?» አለችን አንድ ጊዜ። ሁላችንም ሳቅን። አባቴ ሲስቅ ጆሮው ቀልቶ ነበር። እንግዲህ ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ እሱ ካልገባ እሷ አትገባም፣ እሷ ካልተቆጣች እሱ አይረታም። እሷ ደግሞ መቆጣት አታውቅበትም።

ያገሩ ሰው መንገዱን እያሳበረ በዚያ ያልፋል። ቆም ብለው ሰላምታ ሰጥተው፣ መኪናውን አይተው፣ ቤቷን አይተው፣ ደግሞ መኪናውን ያያሉ። «እንግዶችሽ እንዴት ደጅ?» ይሏታል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ እሷ ምን እንደምትመልስላቸው አልሰማም ነበር፣ ለመስማትም አልቆምኩም፤ ከወንድሜ ጋር ለላይኛው አልጋ ስንጣላ ነበርና። እናቴ ግን ሰምታለች። አንድ ምሽት «ዛሬ እንኳ ገብተህ እደርላት፤ ሴትዮዋን አዋረድናት» ስትለው፣ አባቴ ቡታጋዙን እየዘጋ ነበር። «ነገ» አለ። ከዚያ የሄድንበት ቀን ደረሰ። እትዬ ሙሉ መርቃ ሸኘችን፤ «እንደወጣችሁ አትቅሩ» አለች፣ የአባቴን ኮሌታ እንደመጀመሪያው ቀን ይዛ።

ቀረን። ሥራው አባቴን ወደ ሌላ ክፍለ አገር ላከው፣ መኪናው አርጅቶ ተሸጠ፣ እኔም ትምህርቴን ጨረስኩ፤ አባቴ በየዓመቱ በጥር «ዘንድሮ ሄጄ እዚያው ቤት እሰነብታለሁ» ይላል፤ ለሚያልፍ ሰው ስኳርና ነጠላ እያስያዘ ይልካል፣ ሰላምታዋ ይመጣለታል፣ ዓመቱ ያልፋል። መጨረሻ መርዶዋ መጣ። ሌሊቱን ተጉዘን በማግስቱ ደረስን፤ ተቀብራ ነበር። ሐዘንተኛ እንደሚያደርገው እስከ ሣልስት መሬት ላይ አደርን። አባቴ ከመደቡ ሥር ነበር የተኛው። እዚያ ቤት ማደሩ አድጎ ከወጣ ወዲህ ያ የመጀመሪያው ነው። መደቡ ባዶውን ነበር፤ ማንም ውጣበት ቢለው እሺ አላለም።

በሁለተኛው ቀን ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ አንዲት ጎረቤቷ የነበሩ አሮጊት አባቴ አጠገብ መጥተው ተቀመጡ። እጁን ያዙና «ልጄ፣ እንዳንተ ያለ ወንድም ለሁሉም እህት ይስጣት» አሉት። አባቴ ግራ ገብቶት አያቸው። «ያን ጊዜ በመኪና የመጣችሁ ጊዜ እኛ አምተንህ ነበር፤ ምን ቢንቃት ነው ደጇ የሚያድረው ብለን። እሷ ናት ኋላ ያስረዳችን። ለካ ልጆቹን እንዳይበርዳቸው እዚያ እያስተኛህ፣ ሰው ሲተኛ እየመጣህ እዚሁ መደብህ ላይ ታድር ኖሯል። ጠዋት ጠዋት የተኛህበትን ዝተት አውጥታ፣ አራግፋ፣ ካቡ ላይ ስታሰጣው እያየን ነው ምላሳችንን የሰበሰብነው።» የተቀመጡት ሁሉ እውነት ነው፣ እኛም አይተናል፣ ደግ ወንድም ነው እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አባቴ በዚያ ሳምንት አንድም ሌሊት ከመኪናው አልወጣም፤ ከእኔ ሥር ባለው አልጋ ሲያንኮራፋ ነበር የሚያድረው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት አየች። እኔ አባቴን አየሁት። እሱ «እህቴ አይደለች?» አለ፤ ከዚያ በኋላ የወጣው ልቅሶ የእኛን ቀርቶ የለቀስተኛውን ሁሉ አንጀት በላ።

ቤቱ አሁን የለም፤ ድንጋዩን ሰው ወስዶ ካብ ሠርቶበታል፣ የተለሰነው መደብ በዝናብ ሟሙቶ አፈር ሆኗል ብለውኛል። አባቴ አርጅቷል፣ ጨዋታውም እየጠፋው ነው። ዘመድ ቤት ከሄደ ግን ቢጠብም ቢሰፋም፣ አሳድሩኝ ሳይሉትም፣ ሳያድር አይመለስም፤ የወንድሜ ሚስት በዚህ ትማረራለች፣ እኔ ምክንያቱን ነግሬያት አላውቅም። በዚያ መንደር ደግሞ ወንድምና እህት ሲጣሉ ሽማግሌዎቹ አሁንም የእሱን ስም እንደሚያነሱ ከዚያ የመጣ ሰው ሁሉ ይነግረናል። እውነቱን ልናገር ቢል እሷን ከመቃብሯ ቀስቅሶ ውሸታም ማድረግ ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ ይመሰገናል። እኛም ዝም ብለን አብረነው እንመሰገናለን።