ዲንደር ሄደን ለቅሶ ተቀመጥን

የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በስልክ አንድ ዝርዝር ላከልኝ፤ በአገራችን ያሉ ውብና መንገዳቸው የማያስቸግር ብሔራዊ ፓርኮች። ከሥሩ «አጎቴ፣ ከነዚህ ስንቱን አይተሃል?» የሚል ጥያቄ አለበት።

አንዱንም አላየሁም። ዕድሜዬን ካርቱም ውስጥ የፈጀሁ ሰው ነኝ። ውበቱ አስቀድሞ የተነገረለትን ቦታ ሄዶ ማየትም ሌላ ሰው ያኘከውን እንደ ማኘክ ይመስለኛል። የረገጥኩት ፓርክ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ያለው ሱዳን ነው፣ መንገዱ ያስቸግራል፣ የሄድኩትም በውሸት ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከካርቱም ድልድዩን ተሻግሮ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር፣ ወርሻ በሚሉት የብረት ሥራ ቤት ውስጥ በር እበይዳለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ከሱቅ ዐረቢ ገበያ አስፋልት ዳር የለቀምኳቸውን አሮጌ መጻሕፍት አነባለሁ። አርብ አርብ ዘይነብ ወደ ግቢያችን ትመጣ ነበር። የወሎ ልጅ ናት፤ ካፉሪ ሰፈር ውስጥ ሐጃ ነፊሳ ከሚባሉ ሴት ቤት ትሠራለች። የምትመጣው ጎረቤቴን እትዬ ጥሩዬን ልትጠይቅ ነው። አገሯን ካየች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ፓስፖርቷ ሐጃ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ በጠየቀች ቁጥር «ለከርሞ፣ ኢንሻላህ» ይሏታል። ሐጃ ክፉ ቢሆኑ ጥላቸው ትጠፋ ነበር። ክፉ አለመሆናቸው ነው ያሰራት።

አንድ አርብ ካርታ ዘርግቼ አዋቂነቴን ሳሳይ፣ «ዲንደር የሚባል የአውሬ ፓርክ አለ፤ ድንበሩ ጥግ ነው። ከዚያ ሆኖ የአገራችን ተራራ ይታያል» አልኩ።

ዘይነብ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «ይታያል ስትል፣ በዓይን?»

«ታዲያ በምን ሊታይ ነው?»

«ማልልኝ።»

«መጽሐፍ ላይ ለተጻፈ አይማልም» አልኳት። መጽሐፉ ስለ ተራራ ምንም አላለም። ካርታው ላይ ግን በፓርኩና በተራራው መሐል ያለው የአንድ ጣት ስፋት ነበር፤ አንድ ጣት ስንት ቀን እንደሚያስኬድ አላሰብኩበትም።

ለመሄድ ቆረጥን፤ የቀረው ለእሷ ፈቃድ ማግኘት ነበር። ለሽርሽር ሦስት ቀን የሚሰጥ ቤት የለም። ለቅሶ ግን፣ እነሱ ብካ የሚሉት፣ ሌላ ነው፤ ለብካ እምቢ የሚል ሱዳናዊ አልተፈጠረም። ስለዚህ ለዘይነብ አንዲት አክስት ፈጥሬ ገደልኩ። ስሟን ሐሊማ አልናት፤ ገዳሪፍ ሞታ እዚያው እንድትቀበር ወሰንን።

«ኧረ በአላህ፣ ሟርት ነው!» አለች ዘይነብ።

«የሌለችን ሴት ሟርት የት ያገኛታል?»

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ፣ ለፓርኩ ጠባቂዎች ስንቅ በሚያመላልስ ጎረቤታችን በአደም ሎሪ ተነሣን። ሲናር ላይ የሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት ፉል በላን። ከዚያ ወዲያ አስፋልቱ አለቀና አፈሩ እንደ ዱቄት ቦነነ። አደም ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር «ያላ!» ይላል፣ ዘይነብ በአላህ ስም ትጮኻለች፣ እኔ ስለ ዲንደር ወንዝ አመጣጥ አስረዳለሁ። የሚሰማኝ አልነበረም።

ፓርኩን አርብ ረፋድ ላይ አየነው፤ በጠቅላላው ሁለት ሰዓት ያህል። ወቅቱ በጋ ነው፤ ወንዙ ደርቆ ኩሬ ኩሬ ሆኗል፤ በኩሬው ዳር ከርከሮ ይቆፍራል፣ ነጫጭ ወፎች ቆመዋል፣ ጦጣዎቹ ግራሩን ሞልተውታል። ውብ ነው ቢሉኝ አልከራከርም። ነገር ግን ምድሩ እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው። በምሥራቅ በኩል ሣር፣ ከሣሩ ኋላ ግራር፣ ከግራሩ ኋላ አቧራ ያለበሰው ሰማይ፤ ሌላ ምንም።

ዘይነብ ሎሪው ጣሪያ ላይ ወጥታ ለረጅም ጊዜ ቆመች። አደም ጠባቂውን ጠየቀልን። ሰውዬው ሳቀ፤ «የሐበሻ ተራራ? ብዙ ቀን ያስኬዳል!» አለ።

ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠች። «ለጦጣ ነው አክስቴን የገደልኳት?» አለች። ካርታዬን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ያ ሁሉ መጽሐፍ አንብቤ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባሕሪ ገባን። የግቢያችንን በር ስንከፍት ሐጃ ነፊሳ መሐል ላይ ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው አንድ ማዳበሪያ ስኳርና የሻይ ቅጠል አለ። ሱዳናዊት ናቸው፤ ሠራተኛቸው አክስቷ ሞታ ሳይደርሱ ሊቀሩ ኖሯል? ሰውን ሁሉ ስናታልል ይህን ማሰብ ተስኖን ነበር። እትዬ ጥሩዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከጠዋት ጀምሮ ብቻዋን ለቅሶ ተቀምጣለች። እኛን ስታይ፣ «ይኸው ከቀብር ገቡ!» ብላ ደረቷን መታች።

ውሸቷን መልካችን አገዘላት። ሦስት ቀን አልታጠብንም፣ ዓይናችን ከአቧራው ደም መስሏል፣ ዘይነብ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ሐጃ ተነሥተው መዳፎቻቸውን ዘርግተው ለሟቿ ፋቲሓ ቀሩ። ከዚያ ዘይነብን አቅፈው፣ «ምን ዓይነት ሴት ነበረች፣ ልጄ?» አሏት።

አለቀልን አልኩ። ከስሟ በቀር ምንም አላዘጋጀንላትም።

ዘይነብ መናገር ጀመረች። ሐሊማ ደጃፏ ላይ ቆማ ተራራው ጉም ሲለብስ «ዛሬ ይዘንባል» ትል እንደነበር፤ የገብስ ቆሎ በቀሚሷ ጫፍ ቋጥራ ትሰጣት እንደነበር፤ ዘይነብ ወደ ሱዳን ስትሄድ እስከ ወንዙ ሸኝታት፣ ያን ጊዜ አልሻገርም ብላ እንደቀረች፣ ገዳሪፍ የመጣችው ኋላ እንደሆነ። ከዚያ ድምፅዋ ተቆረጠና አለቀሰች። እትዬ ጥሩዬም የምሯን አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ውሸቱ የት ጋ እንዳበቃ ለመለየት እየሞከርኩ ነበር።

ሐጃ በማግስቱ ፓስፖርቷን ሰጧት። «ሐዘንተኛ ወገኖቿ ዘንድ መሆን አለባት» አሉ። ስድስት ዓመት በእውነት ለምና ያላገኘችውን አንዲት ያልተወለደች ሴት በሦስት ቀን አስገኘችላት። ዘይነብ በመተማ በኩል ሄደች፤ አልተመለሰችም። ከወር በኋላ በሰው እጅ አንድ ቁራጭ ወረቀት ደረሰኝ፤ «ተራራው የሚታየው ከተሻገሩ በኋላ ነው። መጽሐፍህን አርም» ይላል።

የሱዳኑ ጦርነት ከተማዋን ካራገፋት ወዲህ፣ ወደ ባሕሪ ከተመለሱት ጥቂቶች አንዱ ነኝ። አሁንም እበይዳለሁ፤ መጽሐፍ በር አይሆንም። ባለፈው ሳምንት ሐጃ ነፊሳ የተሰበረ በራቸውን እንድሠራላቸው አስጠሩኝ። አርጅተዋል። ሥራዬን ስጨርስ መዳፎቻቸውን ዘርግተው ለሙታናቸው ጸለዩ። ጦርነቱ የወሰደባቸውን ወንድማቸውን ጠሩ፣ የወንድማቸውን ልጅ ጠሩ። በመጨረሻ «የዘይነብንም አክስት፣ ሐሊማን» አሉ።

ማረም እችል ነበር። «አሚን» አልኩ።

ለእህቴ ልጅ ዛሬ ጠዋት መለስኩለት፦ «አንድ። ዝርዝርህ ውስጥ የለም። ተራራ አይታይበትም።»