በሳሙና ካርቶን ላይ የተሠራ ሒሳብ

ታናሽ እህቴ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ሳሙና ቆራጭ ናት። ኬሚካል ምህንድስና እንድትማር ብድር ሲፈቀድላት፣ እኔ ቤት ተቀምጣ የመሐንዲስ ደመወዝንና ዕዳውን በሳሙና ካርቶን ላይ አሰላች።

«እትዬ፣ በተመረቅኩ በአራት ዓመት ያወጣሁትን እመልሳለሁ!» አለች ፊቷ በርቶ።

ልጄን እያጠብኩ ካርቶኑን አየሁት። «አንቺ ሞኝ፣ አምስት ዓመት ስትማሪ የሚቀርብሽን ደመወዝስ የት ጣልሽው?»

ክው አለች። የሚቀርባት ደመወዝ ሲደመር አራቱ ዓመት ዘጠኝ ሆነ። ትምህርቱን ልትተወው ነበር።

በማግስቱ ግን እየተማረች ቅዳሜና እሁድ እንዲያሠራት አለቃዋን ጠየቀችው። «አንቺ ከሄድሽማ ሳሙናውን ማን ቀጥ አድርጎ ይቆርጥልኛል?» ብሎ ተስማማ። የምታገኘው ሲታሰብ ዘጠኙ ዓመት ወደ ስድስት ወረደ።

«ስድስት ከሆነማ የብድሩን ውል ፈርሚ!» አልኳት።

ፈረመች። «መሐንዲስ ስሆንም ሒሳቤን የምታርሚው አንቺ ነሽ» አለችኝ።