በጀርባው የሚሄደው ሰው

በሆስፒታላችን ታካሚዎችን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል የሚያደርሰውን ሰው ሁላችንም «የኋላ ማርሽ» እንለው ነበር። ሌሎቹ አልጋውን ከራስጌ ሆነው ይገፋሉ፤ ለተኛው ሰው የሚታየው ኮርኒስና አምፖል ብቻ ነው። እሱ ግን ግርጌውን ይዞ፣ ፊቱን ወደ ታካሚው አዙሮ፣ ያን ረጅም ኮሪደር በጀርባው እየሄደ ይስባል። አፉ አያርፍም። ግድግዳ ነክቶም አያውቅም።

አስተዳደሩ ሠራተኛውን ሁሉ የባሕርይ ፈተና ባስፈተነ ጊዜ ውጤቱ ከየሰዉ ማኅደር እንዲገባ ወደ እኔ መጣ፤ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነኝ። «ሰው ሲያለቅስ አብረህ ታለቅሳለህ?» ለሚለው «አዎ» ብሏል። «ቶሎ ትደነግጣለህ?» ለሚለውም «አዎ»። ድምዳሜው፦ ስሜቱን የማይቆጣጠር፣ ከታካሚ ጋር ለሚያገናኝ ሥራ የማይሆን። ልብስ እጥበት ቤት ተመደበ።

«ምን ነበረበት ብትዋሽ?» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ። ፈተና ላይ ይዋሻል እንዴ?»

በዚያው ሳምንት የእናቴ የልብ ቀዶ ጥገና ተራ ደረሰ። ከዚህ በፊትም በዚያ ኮሪደር አልፋለች፤ የወሰዳትም እሱ ነበር። አዲሱ ገፊ ሲመጣ የመስኮቱን ብረት ይዛ አልለቅም አለች።

«ያ ለፍላፊ የታል?»

«እማዬ፣ ሥራ ቀይሯል።»

«እንግዲያው እኔም ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ወደ ቤት ውሰጂኝ።»

ውጤቱን ፈርማ ያጸደቀችው ዋና ነርሷ ሰዓቷን አየች። ሐኪሞቹ ታጥበው እየጠበቁ ነው። «በሉ ጥሩት» አለች።

እጅጌው እንደራሰ መጣና ግርጌውን ያዘ።

«እማማ፣ ደግሞ መጡ? ለምን እዚሁ ቤት አይከራዩም?»

«የጠፋኸው አንተ ነህ፣ ከሃዲ።»

«ልብስ አጣቢ አደረጉኝ።»

«ለመሆኑ ታውቅበታለህ?»

«ባለቤቴን ይጠይቋት። ነጩን ሁሉ ሰማያዊ አድርጌባታለሁ።»

እናቴ ሳቀች። ጎን ለጎን እየሄድኩ ፊቱን አየሁት። እንባው በጉንጩ ላይ ይወርዳል፤ ድምፁ ግን አይንቀጠቀጥም፣ እግሩም አይስትም። ፈተናው አልዋሸም፤ ሰውየው ያለቅሳል፣ ይደነግጣል። እናቴ ልትፈራው የነበረውን ሁሉ ቀድሞ ለራሱ የወሰደላት ይመስል ነበር፤ ለእሷ የቀረላት ሳቁ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። በሩ ሲከፈት እጇን አንስታ ጉንጩን ጠረገችለት።

ከዚያ ክፍል በሕይወት አልወጣችም።

ሲነግሩኝ፣ ስንት ዓመት የተመላለስኩበት ኮሪደር ውስጥ መውጫው ጠፋኝ። እሱ መጣ። ሁለቱን እጆቼን ይዞ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ በጀርባው መሄድ ጀመረ። አንዲት ቃል አልተናገረም። ዋና ነርሷ የመውጫውን በር ከፍታ ይዛ ቆማለች።

«ነገ ቦታህ ግባ» አለችው ስናልፍ።

«እጥበት ቤት?»

«አልጋው ጋ።»

ዞር ብሎ አላያትም። ደረጃውን ወርደን እስክንጨርስ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም።