ቅበላ በመጫወቻው ፓርክ

ጌጤነሽን የማያውቅ ሐበሻ አሜሪካ ዊተን ከተማ ውስጥ ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ልጅ አልወለደም። የዲቪ ዕጣ በወጣ በመጀመሪያው ዓመት ከደብረ ብርሃን መጣች፤ ሁለት ዓመት ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ ቆየች፤ ወገቧ አልታዘዝም ሲላት ላይሰንስ አወጣችና የምትኖርበትን ቤት ዴይኬር፣ የሕፃናት መዋያ፣ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ አጠገባቸው ያለው የሲልቨር ስፕሪንግ ወላጅ ሁሉ ጎህ ሳይቀድ ልጁን ከነብርድ ልብሱ አምጥቶ ያስታቅፋትና ወደ ሥራው ይሮጣል። እሷ የተኛውን አስተኝታ፣ የነቃውን አጥባ፣ ያኮረፈውን አባብላ፣ ሲመሽ ሁሉንም አብልታና አስቃ ታስረክባለች።

ልጆቹ "ጌጥዬ" ይሏታል። አድገው ቁመታቸው በክንድ ሲበልጣት እንኳ መንገድ ላይ ካገኘቻቸው "ጎንበስ በል እንጂ፣ ልስምህ መሰላል ላምጣ እንዴ?" ትላለች፤ እነሱም እየሳቁ ይጎነበሳሉ። ሀምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ጉድለቷን ንገሩን ከተባለ አፏ ነው። የመጣላትን ትናገራለች፣ ወዲያው ደግሞ ትረሳዋለች። ቂም የሚባል ነገር ስለማታውቅ ሰውም ሁሉ እንደሷ የሚረሳ ይመስላታል።

ከልጆቿ ሁሉ የበኩር የምትለው ብስራት ነበር። ዴይኬሩን ስትከፍት የመጀመሪያው እሱ ነው፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ መጣ። እናቱ ስሂን ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ አረጋውያን በሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ስለምትሠራ፣ ልጁ ከእናቱ ቤት ይልቅ የጌጤነሽን ሶፋ ያውቅ ነበር። ኮሌጅ ገብቶም በየሳምንቱ እየመጣ ሽንኩርት ይልጥላት፣ ስልኳን ያስተካክልላት ነበር። ታዲያ ይህ ልጅ ሃያ ዓመት በሞላው ሰሞን ድንገት ጠፋ። ፔትዎርዝ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራየ ተባለ። ስትደውል አያነሳም፤ ቴክስት ስታደርግ "ቢዚ ነኝ ጌጥዬ" ይላታል። ስሂንም "ለኔም ያው ነው" ብላ ታለቅሳለች። እነሆ ሁለት ዓመት ሞላው። ጌጤነሽ የሕፃናት ልብስ ስታጣጥፍ እጇን ገታ አድርጋ "ምን በድዬው ይሆን?" ትላለች። ያ ልጅ ተመልሶ በሯን ቢያንኳኳ ሌላ የምትመኘው ነገር አልነበራትም።

ጌጤነሽ በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹን ሰብስባ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ትልቅ መጫወቻ ፓርክ ትወስዳለች። ቀኑን የምትመርጠው ፓርኩን ጠይቃ አይደለም፤ ፍሪጇ ላይ የተለጠፈውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር አይታ ነው። በፈረንጆቹ 2013 የሐዋርያት ፆም የሚገባው ሰኞ ሰኔ አጋማሽ ላይ ነበር፤ እሁዱ ጰራቅሊጦስ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ይዋላል። ስለዚህ ቅዳሜው ቅበላ ሆነ ማለት ነው። ዶሮ ያልተያዘበት ሽርሽር ደግሞ ለጌጤነሽ ሽርሽር አይደለም። ቅዳሜውን በቀይ እስኪሪብቶ አከበበችው፣ ቲኬቱን በስልክ አስቆረጠች፣ በቃ። ፓርኩ በዚያ ቅዳሜ ምን እንዳለው መጠየቅ በሐሳቧም አልመጣ። ማን ይጠይቃል? ካላንደሩ ላይ የለም።

መኪናውን የሚነዱት አቶ ንጉሴ ናቸው፤ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ፣ የኤርፖርት ሸትል ሚኒባስ የሚነዱ፣ እሁድ ከቅዳሴ ቀርተው የማያውቁ የስድሳ አምስት ዓመት ሰው። የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ትህትና ከአሥራ አንዱ ልጆች አንዷ ናት። እሳቸው ነዱ፣ ልጆቹ ዘፈኑ፣ ጌጤነሽ ከፊት ተቀምጣ የዶሮውን ድስት በጉልበቷና በጉልበቷ መካከል ይዛ መጣች።

ፓርኩ በር ላይ ሲደርሱ ባንዲራ በባንዲራ ሆኗል፤ ቀይ፣ ብርቱካን፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ የሌለ ቀለም የለም። ሙዚቃው ልብ ያስመታል። አንዲት ረጅም ሴት ለልጆቹ ሁሉ ስቲከር ለጠፈችላቸው፣ ትንንሽ ባንዲራም አደለቻቸው።

"የዛሬ ሰው ደግሞ እንዴት ያለ ትሑት ነው!" አሉ አቶ ንጉሴ፤ ለሳቸውም አንድ ባንዲራ ደርሷቸው ኮታቸው ኪስ ላይ ሰክተዋል። "ምን በዓል ይሆን?"

"የስኩል መዝጊያ ነዋ" አለች ጌጤነሽ በሙሉ እምነት።

ልጆቹ የሚሽከረከረው የእንጨት ፈረስ ላይ እስኪወጡ ድረስ ወረፋ ይዘው ሳሉ ከፊታቸው ሁለት ወጣት ወንዶች መንታ ሕፃናት በጋሪ ይዘው ቆመዋል። ጌጤነሽ ሙያዋ አላስቀመጣትም። ፀሐዩ የአንደኛውን ሕፃን ግንባር ሲመታው አየችና ቀጥ ብላ ሄደች። ባላት እንግሊዝኛ ኮፍያ ለምን አላደረጋችሁለትም ብላ ተቆጣች፣ ፎጣውን ከጋሪው ላይ አንስታ በሥርዓቱ ጥላ ሠራችለት፣ ጡጦውም በዚህ በኩል ነው የሚያዘው ብላ አሳየቻቸው። ሰዎቹ አመስግነው አልጠግብ አሉ። አንደኛው እንዲያውም በስልኩ ቀረጻት።

"ደስ የሚሉ ወንድማማቾች" አለች ስትመለስ። "እናትየዋን ግን የት ጥለዋት ነው?"

ትህትና ከአይስክሬሟ ቀና አለች። "ወንድማማቾች አይደሉም፣ ጌጥዬ። ሁለቱም ዳድ ናቸው። ቱዴይ እኮ ፕራይድ ዴይ ነው፣ የጌይ ሰዎች በዓል፤ ሳይኑ ላይ ተጽፏል።"

አቶ ንጉሴ መነጽራቸውን አውጥተው በሩ ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ሰሌዳ አነበቡ። እንደገና አነበቡ። ከዚያ ቀስ ብለው ባንዲራዋን ከኪሳቸው መዘዙና፣ መጣልም መያዝም ቸግሯቸው፣ በሁለት ጣት አንጠልጥለው ቀሩ።

"ጌጤነሽ፣ ልጆቹን ሰብስቢ። አሁኑኑ እንሂድ።"

"ምን ብዬ ልንገራቸው? ዓመት ሙሉ ሲጠብቁ የከረሙ ናቸው።"

"ወላጆቻቸው ሲሰሙስ? አደራ በላን እኮ! ነገ ቤተ ክርስቲያን በምን ዓይናችን እናያቸዋለን?"

እሷም ልሂድ ልሂድ አላት፤ ውሸት መናገር አያስፈልግም። እዚህ አገር ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፣ እንዲህ ዓይነት ነገር መኖሩን ታውቃለች፤ ግን በቴሌቪዥንና በሌላ ሰው ሰፈር ነበር የምታውቀው። ወደ ልጆቹ ዞረች። ሦስቱ ፈረስ ላይ ሆነው እጃቸውን ያውለበልቡላታል። ሕፃኑ በጋሪው ውስጥ በሠራችለት ጥላ ሥር ጥሩ እንቅልፍ ወስዶታል።

"በባዶ ሆድ አይመከርም፣ አቶ ንጉሴ" አለች። "ምሳ ይብሉና ከዚያ እንወስናለን።"

ፓርኩ ከውጭ ምግብ ስለማያስገባ ሐበሻ ሁሉ እንደሚያደርገው ወደ ፓርኪንግ ሎቱ ወጡ። የመኪናው የኋላ በር ተከፈተ፣ ብርድ ልብስ ተነጠፈ፣ ዶሮው፣ ፍርፍሩ፣ ድፎ ዳቦው፣ ሻይ የያዘው ፔርሙዝ ወረደ። ጌጤነሽ እጇ እስከ አንጓዋ ድረስ በቅቤ ርሶ ታቋድሳለች፤ ባጠገቧ የሚያልፈውን ሁሉ፣ ባንዲራ የያዘውን ያልያዘውን ሳትለይ፣ "እንብላ!" ትላለች። ከልጅነቷ ጀምሮ በሰው ፊት ብቻዋን በልታ አታውቅም፤ አሁን ሰው እየመረጠች የምትጋብዝበትን መላ ከየት ታምጣው?

ያኔ ነው አቶ ንጉሴ ጉርሻቸውን አቁመው ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉት።

"ያ የስሂን ልጅ አይደለም?"

ነው። ብስራት ነው። ከሁለት መኪና በኋላ ካለች ትንሽ ቀይ መኪና ወርዶ፣ መነጽር ካደረገ ጥቁር አሜሪካዊ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ይመጣል። እየሳቀ ነበር። ብርድ ልብሱን፣ ድስቱን፣ ልጆቹን፣ ከዚያ ጌጤነሽን አየ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። የያዘውን እጅ ለቀቀ። ፊቱን ወደ ቀይዋ መኪና መለሰ።

"እንዳላየሽ ሁኚ" አሉ አቶ ንጉሴ። ክፋት አልነበረባቸውም። "ለሱም ክብሩ ነው፣ ለእናቱም። እዚህ ልጆች ፊት ከጠራሽው ነገ ወሬው ሌላ ነው፤ ሥራሽንም አስቢ።"

ልክ ነበሩ። በሳምንቱ ሁለት ወላጆች ልጆቻቸውን ከዴይኬሩ አውጥተዋል። ጌጤነሽም እንደዚያ ሊሆን እንደሚችል በዚያች ቅጽበት ገብቷት ነበር። ነገር ግን ሁለት ዓመት ስትፈልገው የከረመችው ልጅ ጀርባውን ሰጥቷት ሊሄድ ነው፤ ዛሬ ከሄደ የማይመለስ መሆኑም ገብቷታል። ቅቤ የነካ እጇን ወደ ላይ እንደያዘች ብድግ አለች።

"ብስራት! አንተ ብስራት! እየሰማኸኝ ነው የምትሄደው?"

ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዞረ። ብስራትም ዞረ።

"ሰላም፣ ጌጥዬ" አለ፤ ከሩቅ ቆሞ።

"ና ብላ።"

"በልቻለሁ።"

"አልበላህም፣ ከስተሃል። በሞቴ!"

በሞቴ ከተባለ በኋላ የሚሄድ ልጅ አላሳደገችም። መጣ። ሰውየውም ተከትሎት መጣ። ጌጤነሽ ለሁለቱም ሳህን ሞልታ ሰጠችና፣ ለልጁ አዘነችለትም መሰል፣ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ከፈተችለት። "ይሄ ልጅ አብሮህ የሚሠራ ነው?"

ብስራት ሳህኑን ተመለከተ። አዎ ቢል ሁሉም ነገር እዚያው ያልቅ ነበር። አቶ ንጉሴ ራሳቸው አዎ እንዲል በዓይናቸው የሚለምኑት ይመስሉ ነበር።

"አይደለም፣ ጌጥዬ። ማርከስ ይባላል። አብረን ነው የምንኖረው። ፍቅረኛዬ ነው።"

አቶ ንጉሴን ሳል አፈናቸው። ትህትና "ሃይ ማርከስ" አለች። ሌሎቹ ልጆች ዶሯቸውን መጋጥ ቀጠሉ። ማርከስ በርበሬው አቃጥሎት እንባውን እየጠረገ "ቬሪ ጉድ፣ ቬሪ ጉድ" ይላል።

ጌጤነሽ ድስቱ አጠገብ ቁጭ አለች። "እሺ" አለች። "ይሄን ከእናትህ ደበቅክ፣ ይገባኛል። እኔን ግን ለምን ጣልከኝ? ምን አደረግኩህ?"

"ተይው፣ ጌጥዬ።"

"አልተውም። ሁለት ዓመት ነው ራሴን የጠየቅሁት።"

ብስራት ዳቦውን በጣቱ እየፈረፈረ ተናገረ። "ያኔ ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ወንዶች ሲጋቡ በኒውስ አሳዩ። ኪችንሽ ውስጥ ነበርን። አንቺ ሽንኩርት እየከተፍሽ 'እንዲህ ያለ ሰው የኔን ደጃፍ አይረግጣትም፤ የጠጣበትን ኩባያ እሰብረዋለሁ' አልሽ።" ቀና አለና አያት። "እኔ ሻይ እየጠጣሁ ነበር፣ ጌጥዬ። ኩባያሽ እጄ ላይ ነበር። አጥቤው፣ ቦታው መልሼው ሄድኩ።"

ጌጤነሽ ለማስታወስ ሞከረች። ሽንኩርቱን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ቃሉን፤ አንዱም አልመጣላት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል ስትሰማ ኖራለች፤ ወጊዋ እሷ ትሆናለች ብላ ግን አስባ አታውቅም። ማን ስሜን አጠፋ፣ ማን አማኝ እያለች ሁለት ዓመት ሙሉ የፈለገቻት በዳይ በገዛ ኪችኗ ውስጥ ቢላ ይዛ ቆማ ነበር።

"አላስታውሰውም" አለች። "አንተ ብለሻል ካልክ ግን ብያለሁ። አፌን አውቀዋለሁ።" ቀረብ አለችው። "ስማኝ፣ ልጄ። ይሄ ነገር አይገባኝም፤ ገብቶኛል ብዬ አልዋሽህም። ንስሐ አባቴ ምን እንደሚሉኝም አውቃለሁ። ያልኩት ግን ክፉ ነበር። ይቅር በለኝ።"

በዚያ ዕድሜዋ ልጅን ይቅርታ ስትጠይቅ አቶ ንጉሴ ሊያዩዋት አልቻሉም፤ ፊታቸውን ወደ መኪናው ጎማ አዞሩ።

ጌጤነሽ መልስ ሳትጠብቅ ፔርሙዙን ከፈተች፣ ከመኪናው ውስጥ የራሷን ኩባያ አወጣች፣ ሻይ ሞላችና ሰጠችው። ብስራት ያዘው። ጥቂት ጠጣና፣ ምን እንዳሰበ እሱ ያውቃል፣ ዓይኑን ከሷ ሳይነቅል ለማርከስ አሳለፈው። ማርከስ አፉ እየተቃጠለ ስለነበር ደስ ብሎት ጠጣ፣ አመስግኖም ለጌጤነሽ መለሰላት።

ሻዩ ግማሽ ደርሷል። ልጆቹ ያዩዋታል፣ አቶ ንጉሴም ዞረው ያዩዋታል። ጌጤነሽ የኩባያውን አፍ አልጠረገችም፣ አላዞረችም። የማርከስ ከንፈር በነካው በኩል አንስታ እስከ አተላው ጨልጣ ጠጣችው።

ብስራት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። እሷም እጇ ገና ቅቤ ስለነበር በክንዷ ብቻ አቀፈችው።