ሂኔክ የቀናበት ሰው

የእናቴ ወንድም ሂኔክ በሳዶቫ አካባቢ ካሉት የቦሄሚያ መንደሮች በአንዱ የጋሪ መንኮራኩር የሚሠራ አናጢ ነበር። እጁ የተባረከ፣ ልቡ ግን የማያርፍ ሰው። ዶሮታን ካገባበት ቀን ጀምሮ በአንድ ሰው ይቀና ነበር። ሰውየው ቪት ይባላል። ዶሮታ ልጃገረድ ሳለች ቪት በመከር ዳንስ ላይ ከእሷ በቀር ሌላ ሴት አያስነሳም ነበር። ይጋባሉ ብሎ መንደሩ ሁሉ ሲጠብቅ ቪት ለኦስትሪያው ቄሳር ጦር ተመለመለና ሄደ። ዓመታት አለፉ፤ ዶሮታም ሂኔክን አገባች። ለምን እሱን እንደመረጠች ሂኔክ ጠይቋት አያውቅም። መልሱን ይፈራው ነበር።

ቪት ለእረፍት በመጣ ቁጥር የሂኔክ ቤት ሰላም ያጣል።

«ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጪ ማን ሰላም አለሽ?» ይላታል።

«ሰው ሁሉ።»

«ሰው ሁሉ ማለት ማን ማን ነው?»

«ሂኔክ፣ ሾርባህ እየቀዘቀዘ ነው።»

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1866 ጸደይ፣ ጦርነት ሊመጣ ነው ተባለ። ቪት የመጨረሻ እረፍቱን ይዞ መጥቶ ነበር። አንድ እሑድ መጠጥ ቤት ውስጥ ሰው ከበበውና ነገሩን ጠየቀው።

«ከሁለት ዓመት በፊት እኛና ፕሩሲያ አንድ ላይ ሆነን ከዴንማርክ ላይ ሁለት አገር ቀማን» አለ ቪት። «አሁን አገሮቹ የማን ይሁኑ በሚለው ተጣላን። ይኸው ነው።»

«ለዚያ ለማናውቀው መሬት ነው ልጆቻችን የሚያልቁት?» አለ ባለ መጠጥ ቤቱ።

ሂኔክ ከጥግ ሆኖ ተናገረ። «መሬቱማ ሰበብ ነው። ጀርመኖቹ ሁሉ ማንን አለቃችን ይበሉ፣ ጠቡ እሱ ላይ ነው። የኛ ቄሳር ስንት ዘመን ከላይ ተቀምጦ ኖረ። የፕሩሲያ ንጉሥ ያንን ወንበር ባየ ቁጥር አንጀቱ ያርራል። የኛው ደግሞ፣ ያኛው ወንበሩን ማየቱ ራሱ ያናድደዋል።»

«አንተማ ይህን ሕመም ታውቀዋለህ» አለ ቪት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሂኔክ ቢራውን ሳይጨርስ ወጣ።

ቪት ሊሄድ ሲል ደጃቸው ድረስ መጥቶ ተሰናበተ። «ዶሮታ፣ ጸልዪልኝ» አላት፣ ባሏ አጠገቧ ቆሞ። «እጸልይልሃለሁ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ዶሮታ ስትጸልይ ሂኔክ ከንፈሯን እያየ የቪትን ስም ይፈልግ ጀመር። እሱ ራሱ የጸለየውን በኋላ ለእናቴ ነግሯታል፦ ቪት እንዳይመለስ ነበር።

ሐምሌ እንደገባ፣ ዝናብና ጭጋግ ባለበት ቀን፣ ውጊያው እኛው ማሳ ላይ ሆነ። የመንደሩ ሰው በወፍጮ ቤቱ ምድር ቤት ተደብቆ ዋለ። ግድግዳው በመድፍ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ውሎ ወደ ማታ ድምፁ ራቀ። የቄሳሩ ጦር ወደ ኤልበ ወንዝ እየሸሸ ነበር።

በማግስቱ ቄሱ ጋሪ ያለው ሁሉ ቁስለኛ እንዲያነሣ ለመኑ። ሂኔክም ጋሪውን ይዞ ወጣ። የተረገጠው ስንዴ ውስጥ፣ ጫካው ዳር፣ ቪትን አገኘው። ጭኑ ተመትቷል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይተነፍሳል። በአካባቢው የሚያይ ሰው የለም። ሂኔክ የፈረሱን ልጓም እንደያዘ ቆመ።

ቪት ዓይኑን ገለጠ። «ሂኔክ፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ልትተወኝ ነው?»

«እያሰብኩ ነው።»

«እንግዲያው ቶሎ አስብ፤ ዝንቡ ጨረሰኝ።»

አንሥቶ ጫነው። ቤተ ክርስቲያኑም ጎተራውም በቁስለኛ ሞልቶ ስለነበር ወደ ራሱ ቤት ወሰደው። እናቴ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ስትጠይቀው፣ «ሌላ ቤት ቢተኛ ልትጠይቀው ትሄዳለች። እዚህ ከሆነ ሁለቱንም አያቸዋለሁ» አላት።

እንዳለውም ያያቸው ነበር። ዶሮታ ቁስሉን ስታጥብለት፣ እሱ በሩ አጠገብ እንጨት ይልጋል።

«ለእሱ ዳቦውን ወፍራም አድርገሽ ቆረጥሽለት።»

«ብዙ ደም ፈስሶታል።»

«እኔስ?»

«አንተ ምን ሆንክ?»

ሂኔክ እንጨቱን መላግ ቀጠለ።

ቪት ትኩሳቱ ሲበርድለት ስለ ውጊያው ይናገር ጀመር። «እኛ ቆመን ባሩዱን በአፈ ሙዙ አፍስሰን፣ ጥይቱን በዘንግ ጠቅጥቀን አንድ እስክንተኩስ፣ ፕሩሲያዎቹ በደረታቸው ተኝተው አራት ይለቁብናል። የእነሱ ጠመንጃ ከኋላ ነው የሚጎርሰው። ለመጉረስ መነሣት የለባቸውም።»

«አለቆቻችሁ ይህን አያውቁም ነበር?» አለ ሂኔክ፣ ሳይወድ በግዱ ነገሩ ስቦት።

«ዴንማርክን ስንወጋ አጠገባቸው ሆነው አይተውታል። ጥይት ያባክናል ብለው ናቁት። እኛን በሳንጃ ሂዱ አሉን። ሄድን።» የተመታ ጭኑን አደላድሎ ቀጠለ። «መድፋችን ግን ከእነሱ ይሻል ነበር። እስከ ቀትር ጫካው ውስጥ አስረን ይዘናቸዋል። ከዚያ ሌላው ጦራቸው በሰሜን በኩል ደረሰና ከጀርባችን የነበረውን ጉብታ ያዘ። ጦራቸውን በየባቡር ሐዲዱ በትነው አምጥተው እዚህ ሜዳ ላይ ነው ያገናኙት። የኛ ስንቱ ደግሞ የፕሩሲያ አጋር የሆነችውን ጣሊያንን ሊወጋ ዘምቶ ነበር።»

ሂኔክ ቀና ሲል ዶሮታን አያት። የውሃውን ሳህን በእጇ እንደያዘች፣ ማስቀመጡን ረስታ ታዳምጣለች። እሱ ስለ መንኮራኩር ሲያወራ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ቆማ ሰምታው አታውቅም። በዚያው ቀን ለቪት ምርኩዝ ይሠራለት ጀመር። በሕይወቱ ከሠራቸው ሁሉ ያማረ ሥራ ነበር። ሰው ደግነቱን አደነቀለት፤ እሱ ግን የፈለገው ሰውየው ቶሎ ተነሥቶ እንዲሄድለት ነበር።

ምርኩዙ ሳያልቅ ፕሩሲያዎቹ ሂኔክን ከነጋሪው ወሰዱት። ወደ ቪየና ለሚገፋው ጦራቸው ዱቄት ያመላልስ ተባለ። ሂኔክ ሚስቱንና ቪትን አንድ ጣሪያ ሥር ትቶ መሄዱ ከመድፉ ይልቅ አስፈራው። እናቴን፣ «እህቴ፣ እየሄድሽ እዪያቸው» ብሎ ለመናት።

መንገድ ላይ አሸናፊዎቹ ወታደሮች በኮሌራ ሲወድቁ አየ። ሰላም ሆነ፣ ቄሳሩም የጀርመንን ነገር ለፕሩሲያ ለቅቆ ወጣ ሲባል ሰማ። አንዱም ልቡ አልገባም። ሌሊትና ቀን የሚታየው የራሱ ቤት ነበር፤ ሳህኑና ዳቦው፣ የዶሮታም አቋቋም።

ሲመለስ ደጁ ላይ፣ በሽታ በገባበት ቤት እንደሚደረገው፣ ኖራ ተነስንሶ አገኘ።

«ዶሮታስ?» አለ።

«ኮሌራ» አለ ቪት። «ባለፈው ሳምንት ቀበርናት።»

«አጠገቧ ማን ነበር?»

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«እህትህም ታማ ተኝታ ነበር። ሌላ ሰው እዚህ ቤት መግባት ፈራ። ውሃ የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

እናቴ፣ ገና ከሕመሟ ሳታገግም፣ ወንድሟ መጣ ሲሏት ግድግዳ ይዛ ደርሳ ነበር። ፊቱ ላይ መጀመሪያ ያየችው ሐዘን እንዳልነበረ ነግራኛለች። ሐዘኑ የመጣው ኋላ፣ መቃብሩ ጋ ነው። እዚያም ቪት ሲያለቅስ ባየው ጊዜ ሂኔክ እንባውን ዋጠና፣ «ለሚስቴ የማለቅሰው እኔ ነኝ፤ አንተ ሂድ» አለው። ቪትም እያነከሰ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አንድ መንደር ውስጥ ሳይነጋገሩ ኖሩ። ቪት ቅርጫት እየሠራ ኖረ፤ ሚስት አላገባም። ይህም ሂኔክን ያቃጥለው ነበር። «እኔ እንኳ ሌላ ላግባ ብዬ አስቤ አውቃለሁ። እሱ ምን ቤት ነው ብቻውን የሚኖርላት?» ይል ነበር።

ፀጉሩ ሲሸብት፣ አንድ የክረምት እሑድ ተነሥቶ ቪት ቤት ሄደ። ቆቡን እንኳ አላወለቀም።

«በመጨረሻ ምን አለችህ?»

ቪት ትክ ብሎ አየው። «ያኔ ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

«አሁንም አላምንህም። ግን ንገረኝ።»

«‹ሂኔክ ሳይመጣ ከዚህ ቤት ውጣ፤ ሁለታችንን አንድ ላይ ካየን ይከፋዋል› አለችኝ። እየወጣሁ ነው ብዬ ዋሸኋት። ጥያት ልሄድ አልቻልኩም።»

ሂኔክ ተቀመጠ። «ስሜን ጠራችው?»

«ጠራችው።»

«እንዴት አድርጋ?»

«ሾርባህ ቀዘቀዘ ስትልህ እንደምትጠራህ አድርጋ።»

ለእናቴ ሲያወራላት፣ «ሊያጽናናኝ ፈጥሮት ይሆናል» አላት። ደግሞ ቆየት ብሎ፣ «እንዲህ ያለውን ግን ከራሱ አይፈጥርም» አለ። በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ሄደ፤ እሱ ዱቄት ሲያመላልስ ስላለፉት ሌሎቹ ቀናት፣ ምን እንደበላች፣ ምን እንዳሳቃት ሊጠይቅ። ሁልጊዜ ፊቱን አጥቁሮ ነበር የሚመለሰው። እነዚያን ቀናት ያያቸው ቪት እንጂ እሱ አልነበረማ። መሄዱን ግን እስኪሞት ድረስ አልተወም።