የሟች ባልደረባዬ የይለፍ ቃል

ይህ የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በግንቦት መጨረሻ ነው። ጥፋቱ የእኔ ስለነበር አልረሳውም።

ደባርቅ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። የገበሬው መሬት የሚመዘገብበትን አንድ ኮምፒውተር አራት ሠራተኞች በየራሳቸው የይለፍ ቃል ይገቡበታል። ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ሰው እንዲዘጋበት አድርጌዋለሁ። በዚህም እኮራ ነበር።

ከአራቱ አንዱ አቶ መሰለ ነበሩ። የይለፍ ቃልዎን ይቀይሩ ባልኋቸው ቁጥር ይስቃሉ። «የክርስትና ስሜን ከንስሐ አባቴ በቀር ማን ያውቀዋል?» ይሉኝ ነበር፤ ያውም ቢሮ ሙሉ ሰው እየሰማ።

አቶ መሰለ በድንገት አረፉ። ቀብራቸው ላይ ሁላችንም ነበርን። ቄሱ ፍትሐት ሲያደርሱ የክርስትና ስማቸውን ጮክ ብለው ጠሩት። እኔ አለቅስ ነበር እንጂ ሌላ ነገር አላሰብሁም። ቢሮ ስመለስም ማንም በስማቸው እንዳይገባ ኮምፒውተሩ ላይ ስማቸውን ለመዝጋት አልጨከንሁም። ሁለተኛ የምቀብራቸው መሰለኝ። ከአርባቸው በኋላ ይደርሳል ብዬ ተውሁት።

ሰኔ ላይ ወይዘሮ ጥሩዬ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ገበሬ መጡ። የገብስ ማሳቸው ኮምፒውተሩ ላይ በባላቸው ወንድም ስም ሆኗል። ማን እንደለወጠው ፈለግሁ። በአቶ መሰለ ስም ተገብቶ ነው፤ ያውም በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን። የገባው ሰው ሁለቴ ተሳስቶ በሦስተኛው ተሳክቶለታል።

ለወይዘሮ ጥሩዬ ያየሁትን ስነግራቸው ትክ ብለው አዩኝ። «አቶ መሰለ? ቀብራቸው ላይ ነበርሁ እኮ ልጄ! ሙት ተነሥቶ መሬቴን ወሰደ ልትሉኝ ነው?»

አፈርሁ። የይለፍ ቃላቸውን፣ ያን የክርስትና ስም፣ ቀብሩ ላይ የቆመ ሁሉ ሰምቶታል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ የተገባበትን ስም ይናገራል እንጂ የነካውን እጅ አያሳይም። የቀሩት ሦስቱ ሠራተኞች ተጠየቁ፤ ሦስቱም ማሉ። የባላቸው ወንድምም «እኔ ምን አውቃለሁ» ብሎ ቀረ።

ደግነቱ፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ነውና የይዞታ ደብተራቸው በእጃቸው ነበር። መሬቱ ተመለሰላቸው። ግን ነገሩ እስኪጣራ የዘር ጊዜ አለፈ፤ ማሳው ያን ክረምት ጦሙን አደረ። እኔን ዛሬም ይቆረቁረኛል።

ባለፈው ጥር አንዲት ባልደረባችን አረፈች። ወደ ቀብሯ ከመሄዴ በፊት ቢሮ ገባሁ። የማደርገውን ያየች ጸሐፊ «ምነው አንተ፣ ገና አፈር እንኳ ሳትለብስ?» አለችኝ። ጭካኔ መስሏት ነው፤ አልፈረድሁባትም። የሟቿን ስም ዘጋሁና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድሁ፤ መንገዱን ሙሉ እንባዬ አልቆመም።